የአከርካሪ ጥመትና የሰውነት ሚዛን

ምዕራፍ ዘጠኝ

ዓላማ፦ ተማሪዎች ይህን ምዕራፍ ከተማሩ በኋላ ስለ ሰው አካል የተጻፈን ሳይንሳዊ ምንባብ አንብበው ምክንያትንና ውጤትን ለይተው ያስረዳሉ፤ በምንባቡ የቀረቡትን አዳዲስ ቃላት በዐረፍተ ነገር ውስጥ በትክክል ይጠቀማሉ።

ሀ. የቅድመ ንባብ ጥያቄዎች

1. ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ብሎ መቆሙን የሚያረጋግጠው በምን መሣሪያ ነው?
2. የአንድ ሰው አንደኛው ጫማ ከሌላው ቀድሞ የሚያልቅ ቢሆን ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል?

ለ. ምንባብ

ግንበኛ ግድግዳ ሲሠራ ሁለት መሣሪያዎች ከእጁ አይለዩም። አንደኛው ቱምቢ ሲሆን ግድግዳው ቀጥ ብሎ መቆሙን ያሳየዋል፤ ሁለተኛው ውኃ ልክ ሲሆን ድርድሩ ወደ አንድ ወገን አለማዘንበሉን ይነግረዋል። የሰው አካልም በእነዚህ ሁለት መሣሪያዎች ሊመዘን ይችላል። አንድ ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ከአንገቱ ሥር በስተኋላ ጎልቶ ከሚዳሰሰው አጥንት ላይ ቱምቢ ቢንጠለጠል፣ ክሩ በመቀመጫዎቹ መካከል አልፎ በሁለቱ እግሮች መካከል ያርፋል። ሁለቱ ትከሻዎችና ሁለቱ ዳሌዎች በእኩል ከፍታ ከተገኙ ደግሞ ውኃ ልኩ ተጠብቋል ማለት ነው። ቱምቢው ወይም ውኃ ልኩ የተዛባ እንደ ሆነ መዛባቱን ማየት አስቸጋሪ አይደለም፤ አስቸጋሪው የመዛባቱን ምንጭ ማግኘት ነው።

ለዚህም በአንዲት የወረዳ ከተማ የምትኖርን የ13 ዓመት ተማሪ ሁኔታ እንደ ምሳሌ መመልከት ይቻላል። ትምህርት ቤት ሲከፈት እናቷ አዲስ የደንብ ልብስ አሰፋችላት። ልጅቱ ስትለብሰው ግን የጉርዱ ጠርዝ በቀኝ በኩል ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ታየ። እናቲቱም ጉርዱን ይዛ ወደ ልብስ ሰፊው ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ይህ ጉርድ በቀኝ በኩል አጥሯል፤ እባክዎ እንደገና ይለኩልኝ» አለቻቸው።

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ጉርዱን በጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ግራና ቀኙን በሜትር ለኩ። እኩል ሆኖ አገኙት። «ልጄ፣ ጨርቁስ እኩል ነው። ምናልባት የልጅቱ አቋቋም እንዳይሆን ለሚያውቅ ሰው ብታሳያት ይሻላል» ሲሉ መለሱላት።

ልጅቱ የምትጫማውን ጫማ ያየው ጫማ ሰፊም ሌላ ነገር አስተዋለ፤ የግራው ጫማ ታኮ ከቀኙ ይልቅ እጅግ ተበልቶ ነበር። «ክብደቷን በግራ እግሯ ላይ ስለምትጥል ቀኝ እግሯ ሳያጥር አይቀርም፤ በቀኙ ጫማ ሥር ሶል ልጨምርበት» አለ። አንዲት ጎረቤት በበኩሏ ልጅቱ ወደ ወጌሻ ተወስዳ ብትታሽ እንደምትቃና ተናገረች። ልብስ ሰፊውም፣ ጫማ ሰፊውም፣ ጎረቤቲቱም ያዩት እውነት ነበር። ይሁን እንጂ የመዛባቱን ምንጭ ያገኘ አልነበረም። ምንጩን ለማግኘት አስቀድሞ የአከርካሪን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

አከርካሪ የአካል ምሰሶ ነው። ሆኖም እንደ ጎጆ ምሰሶ አንድ ወጥ ግንድ ሳይሆን፣ አንዱ በሌላው ላይ ከተደራረቡ አንጓዎች የተሠራ ነው። ከእነዚህም 7ቱ በአንገት፣ 12ቱ በደረት በስተጀርባ፣ 5ቱ በወገብ ይገኛሉ። ከእነርሱ በታች ያሉት አጥንቶች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው በሁለቱ የዳሌ አጥንቶች መካከል እንደ ሽብልቅ ይገባሉ። ስለዚህ አከርካሪ በዳሌ ላይ ተተክሏል፤ ዳሌም በሁለቱ እግሮች ላይ ተቀምጧል። የአንዱ መዛባት ለሌላው የሚተርፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጤናማ አከርካሪ ከጎን ሲታይ መጠነኛ መለመጥ ያለበት ሲሆን፣ ከኋላ ሲታይ ግን ቀጥ ያለ ነው። ከኋላ ሲታይ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የተጣመመ እንደ ሆነ ስኮሊዮሲስ ይባላል። ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን ፍችው ጠማማ ማለት ነው። ይህ ጥመት ከመጉበጥ የተለየ ነው፤ መጉበጥ ወደ ፊት ሲሆን መጣመም ወደ ጎን ነውና። ከዚህም በላይ የተጣመመው አከርካሪ ይዞራል። አንጓዎቹ ሲዞሩ ጎድን አጥንቶችን ወይም የወገብ ጡንቻዎችን ይዘው ስለሚዞሩ፣ ልጁ ወደ ፊት ጎንበስ ሲል ጀርባው በአንድ ወገን ከፍ ብሎ ይታያል። እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዊሊያም አዳምስ ይህን የማጎንበስ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1865 ገልጦት ነበር፤ ዛሬም ምንም መሣሪያ ሳያስፈልግ በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ ይሠራበታል። የጥመቱን መጠን በዲግሪ ለመለካት ግን የራጅ ፎቶግራፍ ያስፈልጋል። የሚለካበትንም ዘዴ አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኮብ እ.ኤ.አ. በ1948 አቅርቧል። በዚህ መለኪያ መሠረት ስኮሊዮሲስ የሚባለው 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነው ጥመት ነው።

በጉርምስና ዕድሜ ላይ ከሚገኙ 100 ልጆች መካከል በ2 ወይም በ3ቱ ላይ እንዲህ ያለ ጥመት ይገኛል። ከባድ ወደ ሆነ ደረጃ የሚደርሰው ግን በአብዛኛው በልጃገረዶች ላይ ነው። ሲወለዱ ቅርጻቸው የተዛባ አንጓዎች፣ የጡንቻና የነርቭ በሽታዎች ጥመትን ሊያመጡ ይችላሉ። አከርካሪን የሚያጠቃው የነቀርሳ በሽታም አንጓዎችን በልቶ ጀርባን ያጎብጣል። ይሁን እንጂ ከ10 ጥመቶች በ8ቱ ያህል ተለይቶ የሚታወቅ ምክንያት አይገኝም፤ በዘር የመተላለፍ ዝንባሌ እንዳለው ብቻ ይታወቃል። ከባድ የደብተር ቦርሳ መሸከም፣ ውኃ ወይም እንጨት መሸከም፣ አጎንብሶ መቀመጥ ጀርባን ያደክማሉ፤ ያሳምማሉም፤ ይህን ዓይነቱን ጥመት እንደሚያመጡ ግን አልተረጋገጠም። እንደዚሁም ጥመቱ እርግማን ወይም የክፉ ዐይን ውጤት አይደለም። በመሆኑም ልጅቱም ሆነች ወላጆቿ የሚወቀሱበት ምንም ምክንያት የለም።

አሁን ወደ እግር መመለስ ይቻላል። የእግርና የአከርካሪ ግንኙነት በሁለት አቅጣጫ የሚሠራ ነው። የመጀመሪያው ከታች ወደ ላይ ነው። አንድ እግር በእውነት ያጠረ እንደ ሆነ በዚያ ወገን ያለው ዳሌ ዝቅ ይላል፤ አከርካሪም ጭንቅላትን ወደ መካከል ለመመለስ ሲል ይለመጣል። ይህ ዓይነቱ ልምጠት አከርካሪው ራሱ ታሞ የመጣ ባለመሆኑ፣ ልጁ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ወይም ካጠረው እግር ሥር ተስማሚ ጣውላ ሲደረግለት ይጠፋል። ሁለተኛው ከላይ ወደ ታች ነው። የወገብ አከርካሪ ሲጣመም በአንድ ወገን ያለውን ዳሌ ወደ ላይ ሊስበው ይችላል። በዚህ ጊዜ እግሮቹ በርዝመት እኩል ሆነው ሳለ አንደኛው ያጠረ ይመስላል፤ ዳሌው ስለ ተነሣ እግሩም አብሮ ወደ ላይ ተስቧልና። እንዲህ ያለው ጥመት በመቀመጥም ሆነ ጣውላ በማድረግ አይጠፋም።

የልጅቱ የስፖርት መምህርት ይህን ልዩነት ታውቅ ነበር። ልጅቱን ባዶ እግሯን አቁማ ከኋላዋ ሆና ሁለቱን እጆቿን በሁለቱ ዳሌዎች አናት ላይ አሳረፈች። የቀኝ እጇ ከግራው ከፍ ብሎ አገኘችው። ጫማ ሰፊው እንደ ገመተው ቀኝ እግሯ ያጠረ ቢሆን ኖሮ የቀኝ ዳሌዋ ዝቅ ይል ነበር። ዳሌው ግን ከፍ እንጂ ዝቅ አላለም። ቀጥላም ልጅቱ ሁለት መዳፎቿን ገጥማ ጎንበስ እንድትል አደረገቻት፤ ከጎድን አጥንቶች በታች የወገቧ የግራ ወገን እንደ ትንሽ ኮረብታ ከፍ ብሎ ታየ። መምህርቷም እናቲቱን አስጠርታ፣ ልጅቱ ሐኪም ሳያያት በጫማዋ ላይ ምንም ሶል እንዳይጨመር፣ ጀርባዋም እንዳይታሽ መከረቻት።

በሆስፒታል ሐኪሙ ከዳሌ አጥንት የፊት ጫፍ እስከ ውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ድረስ ሁለቱን እግሮች በሜትር ለካ። እኩል ነበሩ። በራጁ ላይ ግን የወገብ አከርካሪዋ ወደ ግራ 28 ዲግሪ ተጣምሞ ታየ። ጫማ ሰፊው ያሰበው ሶል ተጨምሮ ቢሆን ኖሮ ከፍ ያለውን ዳሌ ይበልጥ ከፍ ያደርገው፣ ሚዛኗንም ይበልጥ ያዛባው ነበር።

ሚዛን ሲባል መውደቅና አለመውደቅ ብቻ አይደለም። ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ከሦስት ምንጮች በሚመጣ መልእክት ነው፤ እነርሱም ዐይን፣ ውስጠኛው ጆሮ እንዲሁም በጡንቻዎች፣ በመገጣጠሚያዎችና በእግር መዳፍ የሚገኙ የስሜት ነርቮች ናቸው። አንጎል እነዚህን መልእክቶች አስተባብሮ ጭንቅላት ከእግሮች በላይ፣ ዐይኖችም አግድም በእኩል ከፍታ እንዲሆኑ ያደርጋል። አከርካሪ ወደ ግራ ሲጣመም ከበላዩ ወደ ቀኝ የሚመለስ ሌላ ቅስት ሊፈጠር የሚችለውም ለዚሁ ነው። ሁለቱ ቅስቶች የተመጣጠኑ እንደ ሆነ የቱምቢው ክር በመካከል ያልፋል፤ ጥመቱም ከልብስ በላይ ላይታወቅ ይችላል። ሳይመጣጠኑ ሲቀሩ ግን ደረት ወደ ጎን ይገፋል፤ ክብደትም በአንድ እግር ላይ ይበዛል። የግራውን ጫማ ታኮ የበላው ይህ ነበር።

ጥመት ያለባቸው ወጣቶች ዐይናቸውን ጨፍነው ሲቆሙ ከእኩዮቻቸው ይልቅ ሰውነታቸው እንደሚወዛወዝ በልዩ ልዩ ጥናቶች ታይቷል። ሲራመዱም የዳሌያቸው እንቅስቃሴ ይቀንሳል፤ የወገብና የዳሌ ጡንቻዎቻቸውም ከተለመደው ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራሉ። ስለዚህ በመጠነኛ ጥመት እንደ ልብ ይራመዳሉ፤ ይሮጣሉ፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ ቶሎ ይደክማሉ። የዩሴን ቦልት ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ጃማይካዊው ሯጭ አከርካሪው ጠማማ፣ ቀኝ እግሩም ከግራው ከ1 ሳንቲ ሜትር በጥቂት ያጠረ ሆኖ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሴኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሯል። ለዚህም የጀርባና የሆድ ጡንቻዎቹን ሳያቋርጥ ማጠንከር ነበረበት።

ሕክምናው የሚወሰነው በሁለት ነገሮች ነው፤ በጥመቱ መጠንና በቀረው የዕድገት ጊዜ። ጥመት በፍጥነት የሚጨምረው ልጁ በፍጥነት በሚያድግበት ጊዜ ነው። ይህም በልጃገረዶች አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በወንዶች ሁለት ዓመት ያህል ዘግይቶ ይመጣል። ከ25 ዲግሪ በታች ለሆነ ጥመት በየጊዜው መመርመር ይበቃል። ገና በማደግ ላይ ላለ ልጅ ጥመቱ ከ25 እስከ 40 ዲግሪ ሲሆን ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ የጀርባ ማቀፊያ ይታዘዛል። ከ45 ወይም ከ50 ዲግሪ ሲያልፍ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል፤ እንዲህ ያለው ጥመት ዕድገት ካቆመ በኋላም በየዓመቱ በጥቂቱ ሊጨምር ይችላልና።

ማቀፊያው የተጣመመውን አያቃናም፤ ሥራው ጥመቱ እንዳይብስ መግታት ነው። በአሜሪካና በካናዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ማቀፊያ ከለበሱት ከ100 ልጆች የ72ቱ ጥመት 50 ዲግሪ ሳይደርስ ዕድገታቸው ተፈጽሟል፤ ካልለበሱት ግን የ48ቱ ብቻ ነበር። ብዙ ሰዓት የለበሱትም ይበልጥ ተጠቅመዋል። ማሸትና መጎተት ግን አንጓዎችን ወደ ቦታቸው አይመልሱም።

ሳይታይ የቆየ ጥመት የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። ጋናዊው ሐኪም ኦሄኔባ ቦአቺ አጄ እ.ኤ.አ. በ1998 ባቋቋመው ድርጅት አማካይነት በ2012 አክራ ላይ የተከፈተው ሆስፒታል፣ ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ልጆችንና ወጣቶችን በቀዶ ሕክምና ረድቷል። ከእነርሱም መካከል ጥመታቸው ከ100 ዲግሪ ያለፈ፣ ደረታቸው ጠቦ መተንፈስ ያስቸገራቸው ይገኙ ነበር። ጥመቱ ትንሽ ሳለ የሚያየው ዐይን ቢገኝ ኖሮ ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ያን ያህል መንገድ ባልተጓዙ ነበር።

ልጅቱ ማቀፊያውን ለሁለት ዓመት ተኩል ለበሰች። በሙቀት ቀን ያልባት ነበር፤ ቀበቶው ጎኗን ይፈገፍጋት ነበር፤ በክፍል ውስጥም መጀመሪያ ላይ የሳቁባት አልጠፉም። ማታ ማታ ልታወልቀው እያለቀሰች እናቷን የለመነችበት ጊዜ አለ። በመጨረሻ ዕድገቷ ሲያበቃ በተነሣችው ራጅ ጥመቷ 30 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። አልተቃናም፤ ግን ከሁለት ዲግሪ በላይ አልጨመረም። ትሮጣለች፤ መረብ ኳስም ትጫወታለች። ሽማግሌው ልብስ ሰፊም ከዚያ ወዲህ ጉርዷን ሲሰፉላት በቀኝ በኩል ሁለት ጣት ያህል ያስረዝሙታል፤ ስትለብሰው ጠርዙ ዙሪያውን እኩል ይሆናል።

ሐ. የቃላት ፍች

ቱምቢ፦ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት፣ ግድግዳ ቀጥ ማለቱ የሚታይበት የግንበኛ ክር
ውኃ ልክ፦ አንድ ነገር አግድም አለማዘንበሉ የሚታይበት መሣሪያ
ጥመት፦ ከቀጥታ መስመር መውጣት፣ ጠማማነት
አንጓ፦ ከተያያዙ ክፍሎች አንዱ (የሸንበቆ አንጓ፣ የአከርካሪ አንጓ)
ታኮ፦ ከተረከዝ በታች ያለው የጫማ ክፍል
ወጌሻ፦ የተሰበረ ወይም የወለቀ አካል በባህላዊ ዘዴ የሚያክም ሰው
ሽብልቅ፦ አንድ ጫፉ ሰፊ፣ ሌላው ቀጭን ሆኖ በሁለት ነገሮች መካከል የሚገባ እንጨት ወይም ብረት

መ. መልመጃዎች

መልመጃ አንድ። የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ሰፊውና የስፖርት መምህርቷ እያንዳንዳቸው ምን አዩ? ምንስ ደመደሙ?
2. መምህርቷ የልጅቱ ቀኝ እግር አለማጠሩን ያወቀችው እንዴት ነው?
3. በእግር ማጠር የመጣን የአከርካሪ ልምጠት አከርካሪው ራሱ ከተጣመመበት ሁኔታ በምን መለየት ይቻላል?
4. የጀርባ ማቀፊያ ዕድገቱን ለጨረሰ ሰው የማይታዘዘው ለምን ይመስላችኋል?

መልመጃ ሁለት። የሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች በምንባቡ መሠረት ትክክል ከሆኑ «እውነት»፣ ካልሆኑ «ሐሰት» በሉ። ሐሰት ያላችሁትን አስተካክላችሁ ጻፉ።

1. መጉበጥና መጣመም አንድ ዓይነት ትርጉም አላቸው።
2. ከባድ ቦርሳ መሸከም ስኮሊዮሲስን እንደሚያመጣ ተረጋግጧል።
3. እግሮች በርዝመት እኩል ሆነው ሳለ አንደኛው ያጠረ ሊመስል ይችላል።
4. ማቀፊያው የልጅቱን አከርካሪ ሙሉ በሙሉ አቃንቶታል።

መልመጃ ሦስት። «ቀኝ እግሯ ያጠረ ቢሆን ኖሮ የቀኝ ዳሌዋ ዝቅ ይል ነበር» የሚለው ዐረፍተ ነገር ያልሆነን ነገር እንደ ሆነ አድርጎ በማሰብ የተነገረ ነው። በዚህ ምሳሌ መሠረት የሚከተሉትን ጀምራችሁ ጨርሱ።

1. ልብስ ሰፊው ጉርዱን ሳይለኩ ቀርተው ቢሆን ኖሮ . . .
2. መምህርቷ ልጅቱን ጎንበስ ባታደርጋት ኖሮ . . .
3. ልጅቱ ማቀፊያውን መልበስ አቋርጣ ቢሆን ኖሮ . . .

መልመጃ አራት። የክፍል ጓደኞቿ በማቀፊያው ምክንያት ለሚስቁባት ተማሪ አንድ የክፍሏ ልጅ ሊጽፍላት የሚችለውን ደብዳቤ ሦስት አንቀጽ አድርጋችሁ ጻፉ። በሁለተኛው አንቀጽ የአከርካሪ ጥመት የማንም ጥፋት አለመሆኑን በምንባቡ ማስረጃ አስረዱ።